መብራት ሲጠፋ ዳታው እንዳይጠፋ፦ ለሶፍትዌራችሁ ኢምቤድድ ዳታቤዝ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ደሴ ውስጥ ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤት ወይም ለጅምላ አከፋፋይ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ደንበኛው የሰርቨር ክፍል የለውም፣ የአይቲ ሠራተኛም የለውም። ያለው አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ናት። የሱቁ ዕዳና ሀብት የሚቀመጠው እዚያችው ማሽን ላይ ነው። ዳታቤዙን የሚመርጠው ደግሞ ባለሱቁ ሳይሆን ፕሮግራመሩ ነው። ትልቅ አደራ ነው።

ስለ ዳታቤዝ ስንከራከር ቶሎ የሚነሳው ፍጥነት ነው። ለእኛ ሥራ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ገንዘብ ተቀባይዋ «መዝግብ» የሚለውን በተጫነችበት ቅጽበት መብራት ቢሄድ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፋይሉ ውስጥ ምን ይገኛል? ክረምት ላይ ጦሳን ጉም ሲሸፍነውና መብረቅ ሲበዛ ጥያቄው በየሳምንቱ ይፈተናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ፣ ኮምቦልቻ አንድ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ አለ እንበል። ሽያጭ፣ ክምችትና የዱቤ ደብተር የሚይዝ ፕሮግራም ሥሩልኝ ብሏል።

ደረጃ 1፦ ኢምቤድድ ይበቃል ወይስ ሰርቨር ያስፈልጋል?

ኢምቤድድ ዳታቤዝ ራሱን የቻለ ሰርቨር የለውም። ፕሮግራማችሁ ውስጥ እንደ ላይብረሪ ይገባል፣ ዳታውን ተራ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። የሚጫን ሰርቪስ የለም፣ የሚከፈት ፖርት የለም። ፕሮግራሙ ሲከፈት ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል። ጠዋት ባለሱቁ ደውሎ «ፕሮግራሙ ሰርቨር አጣሁ ይላል» የሚላችሁ ነገር አይኖርም። እናንተ ኮምቦልቻ ሆናችሁ እሱ ደሴ ሲሆን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ማሽን፣ አንድ ፕሮግራም ከሆነ ኢምቤድድ ምረጡ። የሞባይል አፕ ከሆነም እንደዚሁ። ሦስት ገንዘብ ተቀባዮች በሦስት ማሽን እኩል የሚጽፉ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገባበት ወጥመድ አለ። የዳታቤዙን ፋይል ሼርድ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ሦስቱም ማሽኖች በኔትወርክ እንዲከፍቱት ማድረግ። መጀመሪያ ላይ የሚሠራ ይመስላል። ኢምቤድድ ዳታቤዞች ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍ የሚከላከሉት ግን በፋይል ሎክ ነው። ፋይሉ ኔትወርክ ላይ ሲሆን ይህ ሎክ አስተማማኝ አይደለም። ሁለቱም «ተራው የእኔ ነው» ብለው ከጻፉ ፋይሉ ይበላሻል። የኤስኪውላይትም ሆነ የኤልኤምዲቢ (ደረጃ 4 ላይ የምናያቸው ሁለት ኢምቤድድ ዳታቤዞች) ሠሪዎች በኔትወርክ ፎልደር አትጠቀሙ ብለው በግልጽ ያስጠነቅቃሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ፖስትግሬስ የሚባለውን የሰርቨር ዳታቤዝ አንድ ማሽን ላይ መጫን ነው። ሁለተኛውና እኔ ለአነስተኛ ሱቅ የምመርጠው ይህ ነው፦ ፕሮግራማችሁ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ይሥራ፣ ፋይሉን የሚከፍተውም እሱ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ማሽኖች በሱቁ ዋይፋይ ወይም ኬብል በብራውዘር ወደ እሱ ይግቡ። ፋይሉ አንድ ባለቤት ብቻ ይኖረዋል። ኢምቤድድነቱም አይቀርም፣ ሦስቱም ሰው ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ

ዳታው ምን ያህል እንደሚሆን አስሉ። በምሳሌያችን በቀን 400 ሽያጭ አለ እንበል። እያንዳንዱ ሽያጭ በአማካይ 5 መስመር ቢኖረው በቀን 2,000 መስመር ነው። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 600,000 መስመር ይሆናል። አንዱ መስመር 200 ባይት ቢፈጅ በዓመት 120 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኢንዴክስ ተጨምሮ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ፍላሽ አይበልጥም። ይህን ስሌት የሠራ ሰው «ዳታው ሲበዛ ይከብደው ይሆን?» በሚል ጭንቀት ከባድ ዳታቤዝ አይመርጥም።

ከዚያ ሦስት ነገር ጨምሩ። ማን ይጽፋል? ምን ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፣ ማለትም በቁልፍ ብቻ ፈልጎ ማውጣት ነው ወይስ «ባለፈው ወር ከፍተኛ ዱቤ ያለባቸው 10 ደንበኞች» ዓይነት ሪፖርት? መብራት ሲሄድ ስንት ሰከንድ ያህል ሥራ ቢጠፋ ይታገሳሉ? ለሽያጭና ለዱቤ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ዜሮ ነው። «ተመዝግቧል» ብሎ ስክሪን ላይ ያሳየ ሽያጭ መጥፋት የለበትም። የሙቀት መጠን በየሰከንዱ የሚመዘግብ ሴንሰር ከሆነ ግን የመጨረሻዎቹ 5 ሰከንዶች ቢጠፉ ማንም አይከስርም።

ደረጃ 3፦ መብራት ሲሄድ ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚሆን እወቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ምርጫው በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራማችሁ «ጻፍ» ሲል ዳታው ወዲያው ዲስክ ላይ አያርፍም። መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራም ላይ ይዞት ይቆያል። ሲመቸው ወደ ዲስክ ይልከዋል። ዲስኩም የራሱ ትንሽ ሚሞሪ ስላለው እዚያ ሊያቆየው ይችላል። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ የተጻፈ የመሰለው ሁሉ ይተናል። ስለዚህ ጥሩ ዳታቤዝ ኮሚት ሲያደርግ፣ ማለትም የተጻፈውን ሲያጸድቅ፣ ኤፍሲንክ የሚባለውን ትዕዛዝ ይጠራል፤ «ዲስክ ላይ መድረሱን ሳታረጋግጥልኝ አትመለስ» እንደማለት ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በየቦታው የምታዩት አስደናቂ የፍጥነት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤፍሲንክ ተዘሎ ነው። የፍጥነት ንጽጽር ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ፦ በእያንዳንዱ ኮሚት ኤፍሲንክ ነበረ ወይ?

ሁለተኛው አደጋ ግማሽ ጽሑፍ ነው። አንድ ደንበኛ 40 ከረጢት ሲሚንቶ በዱቤ ወሰደ። ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ሽያጩን ይመዘግባል፣ ከክምችት 40 ይቀንሳል፣ የደንበኛውን ዕዳ ይጨምራል። ክምችቱ ተቀንሶ ዕዳው ሳይጨመር መብራት ቢሄድ 40 ከረጢት ከመጋዘኑ ወጣ፣ ባለዕዳው ግን የለም። ነጋዴው ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ቆጠራ ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው መጋዘን ጠባቂው ነው። የአንድ ሰው ስም የእኛ ኮድ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ትራንዛክሽን ማሰር ግድ ነው። ወይ ሦስቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ዳታቤዙ ይህን ቃሉን የሚጠብቅባቸው ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከመለወጡ በፊት የድሮውን ገጽ (የዳታቤዙን ፋይል አንድ ቁራጭ) ሌላ ፋይል ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ የድሮውን መልሶ ያስገባል። ሁለተኛው ዋል የሚባለው ነው። ነጋዴ ቀን ላይ ግብይቱን በማስታወሻ ደብተር እየጻፈ ማታ ተረጋግቶ ወደ ትልቁ መዝገብ እንደሚያሻግረው፣ ዳታቤዙም አዲሱን ለውጥ መጀመሪያ በሌላ ፋይል ጫፍ ላይ ይጨምራል፣ ቆይቶ ወደ ዋናው ያሻግራል። ሦስተኛው የድሮውን ገጽ ጨርሶ አለመንካት ነው። አዲሱ ገጽ ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ አመልካቹ ብቻ ወደ አዲሱ ይዞራል።

ሦስቱም በደንብ ከተሠሩ አስተማማኝ ናቸው። ከሦስቱ አንዱንም የማይጠቀም ነገር፣ ለምሳሌ ሙሉ ዳታውን በጄሰን ፋይል ላይ በየጊዜው እየደመሰሰ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ለሽያጭ ዳታ አይሆንም። መብራቱ መሃል ላይ ሲሄድ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ዕጩዎቹን አንድ በአንድ እዩ

ኤስኪውላይት። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ነው። መነሻው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ይሠራ የነበረው ሶፍትዌር ነበር። ዳታቤዝ ሰርቨሩ ሲቆም ፕሮግራሙም አብሮ ይቆም ስለነበር፣ ሰርቨር ሳያስፈልግ በቀጥታ ከዲስክ የሚያነብ ዳታቤዝ ቢኖርስ ብሎ አሰበ። የኛን ሱቅ ችግር በትክክል ይመስላል። ዛሬ በአንድሮይድና በአይፎን ስልኮች፣ በክሮምና በፋየርፎክስ ውስጥ አለ። ኮዱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ላይሰንስ አያስጨንቅም። የፋይል ቅርጹ ከ2004 ጀምሮ ያው ነው፣ ሠሪዎቹም እስከ 2050 ድረስ እንደሚደግፉት ቃል ገብተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ዳታን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ከሚመክራቸው ቅርጾች አንዱ ነው። ሠሪዎቹ ለሙከራ የጻፉት ኮድ ከዳታቤዙ ኮድ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ኃይል መሃል ላይ ሲቋረጥ የሚሆነውን አስመስሎ መፈተሽ ከሙከራዎቹ አንዱ ነው።

ድክመቱ? በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ተራ ይጠብቃል። አንድ የሽያጭ ትራንዛክሽን ግን ብዙውን ጊዜ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በቀን 400 ሽያጭ ላለው ሱቅ ይህ ድክመት አይታይም።

ኤልኤምዲቢ። ሃዋርድ ቹ ለኦፕንኤልዳፕ ፕሮጀክት የሠራው ነው። ሦስተኛውን መንገድ ይጠቀማል፣ ማለትም የድሮውን ገጽ አይነካም። ስለዚህ ከመብራት መቋረጥ በኋላ የሚጠግነው ነገር የለውም፤ ሲከፈት ወዲያው ይሠራል። ማንበብ ላይ እጅግ ፈጣን ነው። ግን ኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የለውም፤ ቁልፍና ዋጋ ብቻ ነው የሚይዘው። ሪፖርቱን ሁሉ በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። የፋይሉን ከፍተኛ መጠን አስቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። ቁልፉም ሳይቀየር ከ511 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ 170 ፊደል ነው። የዕቃውን ሙሉ መግለጫ ቁልፍ አደርጋለሁ ያለ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል።

ሮክስዲቢ። ፌስቡክ ከጉግል ሌቭልዲቢ ተነስቶ የሠራው ነው። ያለማቋረጥ ለሚጎርፍ ጽሑፍ ይመቻል። የሚስተካከለው ነገር በጣም ብዙ ስለሆነ ለአነስተኛ ሱቅ ጣጣው ከጥቅሙ ይበልጣል። ሌሊትና ቀን ከብዙ ማሽን የሴንሰር ዳታ የሚቀበል ሥራ ከሆነ ግን ተመልከቱት።

ደክዲቢ። አምስተርዳም ካለው የምርምር ተቋም ሲደብልዩአይ የወጣ ነው፤ 1.0 የደረሰው በ2024 ነው። ዳታውን በዓምድ በዓምድ ስለሚያስቀምጥ ለትልቅ ሪፖርት ግሩም ነው። በየደቂቃው ትንንሽ ሽያጭ ለመመዝገብ ግን አልተሠራም። ደስ የሚለው የኤስኪውላይትን ፋይል በቀጥታ ማንበብ መቻሉ ነው። ሽያጩን በኤስኪውላይት መዝግቡ፣ የዓመቱን ትንታኔ በደክዲቢ አውጡ።

ማይክሮሶፍት አክሰስ እኛ አገር ዛሬም ብዙ ቢሮ ውስጥ አለ። የፋይሉ ጣሪያ 2 ጊጋባይት ነው። አዲስ ሥራ በእሱ አልጀምርም። በጃቫ ለሚሠሩ ኤችቱ አለ፤ ለሙከራ ይመቸኛል፣ ለደንበኛ ዳታ ግን በጃቫም ቢሆን ኤስኪውላይትን እመርጣለሁ።

ሁለት ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ባለቤትነትም የአስተማማኝነት አካል ነው። በርክሊ ዲቢ ለዓመታት የታመነ ዳታቤዝ ነበር። ኦራክል በ2006 ገዛው፣ በ2013 ላይሰንሱ ወደ ኤጂፒኤል ተቀየረ። ኮዳቸውን መክፈት የማይፈልጉ ሰዎች ወይ በድሮው ቨርዥን መቆየት ወይ መክፈል ግድ ሆነባቸው። ሪልም ደግሞ በሞባይል አፕ ሠሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ነበር። ሞንጎዲቢ በ2019 ገዛው፣ በ2024 ድጋፉን እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን ይጠብቀዋል? ላይሰንሱ ምን ይላል? ሠሪው ቢተወው ፋይሉን በሌላ መሣሪያ ከፍቼ ዳታዬን ማውጣት እችላለሁ?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ከኤስኪውላይት ውጭ ለመምረጥ ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ኤስኪውላይትን ያዙ። ለምሳሌያችን ሱቅ የምንወስደውም እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ ሴቲንጉን አስተካክሉ

ኤስኪውላይትን እንዳለ ወስዶ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ቢያንስ እነዚህን አስተካክሉ።

ጆርናል ሞዱን ወደ ዋል ቀይሩ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያለ ችግር ያነባል፤ ባለሱቁ ሪፖርት ሲያይ ገንዘብ ተቀባይዋ አትቆምም። ይህ አንዴ ከተቀየረ ፋይሉ ውስጥ ይቆያል።

ሲንክሮነስ የሚለውን ፉል ላይ አድርጉ። ብዙ ቦታ ዋል ስትጠቀሙ «ኖርማል ይበቃል» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ኖርማል ፋይሉን አያበላሽም፣ እውነት ነው። ነገር ግን መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ኮሚቶች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ኮሚት ኤፍሲንክ አይጠራም። ደረጃ 2 ላይ ለሽያጭ ዜሮ ብለናል። ስለዚህ ፉል። ኦፍ የሚባለውንማ ጭራሽ አትንኩት።

ፎሪን ኪይስ፣ ማለትም በቴብሎች መካከል ያለውን ትስስር የሚጠብቀው ሴቲንግ፣ ኦን ይሁን። ሳትነኩት ብዙ ጊዜ ኦፍ ስለሆነ የሌለ ደንበኛ ላይ ዕዳ መመዝገብ ይቻላል። ቢዚ ታይምአውት 5000 ሚሊሰከንድ ይሁን፣ ካልሆነ ፋይሉ በተያዘ ቁጥር ወዲያው ስህተት ይመልሳል። እነዚህ ሁለቱና ሲንክሮነስ ኮኔክሽን በተከፈተ ቁጥር መሰጠት አለባቸው። አንዴ ሰጥቶ መርሳት የለም።

የሚጽፍ ትራንዛክሽን ስትጀምሩ ቢጊን ኢሚዲየት በሉ። በማንበብ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ መጻፍ የሚሸጋገር ትራንዛክሽን የመጠበቂያ ጊዜው ሳያልቅ «ተይዟል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ቴብሎቹን ስትፈጥሩ ስትሪክት ጨምሩበት። ያለ እሱ ኤስኪውላይት የቁጥር ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ቢገባ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስትሪክት ከቨርዥን 3.37 ጀምሮ ነው ያለው፤ የያዛችሁት ላይብረሪ የድሮ እንዳይሆን ቨርዥኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ የአገራችንን ዳታ በአገባቡ አስቀምጡ

ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። 1,250.75 ብር 125075 ሆኖ ይገባል። በፍሎት፣ ማለትም በነጥብ ቁጥር፣ ካስቀመጣችሁት ዓመት ሲዘጋ ድምሩ በሳንቲም ይዛባል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ልዩነቱን ሲፈልግ ይውላል።

ቀንን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡና ስታሳዩ ወደ እኛ ቀይሩት። 2025-09-11 ብሎ የገባው ስክሪን ላይ መስከረም 1 ቀን 2018 ይሆናል። 14:30 ደግሞ ከቀኑ 8:30። እንዲህ የተጻፈ ቀን እንደ ጽሑፍ ሲደረደርም ቅደም ተከተሉ አይዛባም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሪፖርቱን መነሻና መድረሻ ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ ነው የምትጠይቁት። ጳጉሜን መሞከር አትርሱ፤ 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት ጭምር።

ስልክ ቁጥር ጽሑፍ ነው። ቁጥር ካደረጋችሁት የፊቱ 0 ይጠፋል።

ስም ፍለጋ ላይ ደግሞ ፊደሎቻችን አሉ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ አንድ ሰው ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሦስት ነው። መሐመድና መሀመድም እንደዚያው። ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ ክፈቱ፤ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተቀይረው ይግቡበት፤ የቀሩት የፊደል ዘሮችም በዚሁ መንገድ። የሚፈለገውም በተመሳሳይ ተቀይሮ ይፈለግ። ዋናው ስም ሰውየው እንደጻፈው ይቆይ፤ ደረሰኝ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ሙሀመድ ብሎ የተመዘገበውን ግን ይህ አያገኘውም። ለዚያ በስልክ ቁጥር መፈለጊያ ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ሶኬቱን ንቀሉት

ዕጩውን መረጣችሁ፣ ሴቲንጉን አስተካከላችሁ። አሁን በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ፈትኑት።

ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ያዙ፤ ዩፒኤሱን አላቁት። ሌላ የምትሳሱለት ነገር የሌለበት ማሽን ይሁን። ዲስኩ ደግሞ ደንበኛው ከሚጠቀመው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ርካሽ ዲስክ አንዳንዴ «አስቀምጫለሁ» ብሎ ሳያስቀምጥ ይመልሳል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ዳታቤዝ አያስተካክለውም።

ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። በተከታታይ ቁጥር ሽያጭ ይመዝግብ፦ 1፣ 2፣ 3 እያለ። እያንዳንዱ ሽያጭ እውነተኛውን ሥራ ይምሰል፤ ሽያጭ ይጨምር፣ ክምችት ይቀንስ፣ ዕዳ ይጨምር፣ ሦስቱም በአንድ ትራንዛክሽን። ኮሚቱ «ተሳክቷል» ብሎ ከተመለሰ በኋላ ብቻ ቁጥሩን በኔትወርክ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ይላክ። ላፕቶፑ የመጨረሻውን ቁጥር ያሳያል።

አሁን ፕሮግራሙ እየሮጠ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉት።

ማሽኑ ሲነሳ አራት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ኢንተግሪቲ ቼክ አሂዱ፤ መልሱ «ኦኬ» መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረው ቁጥር 8,412 ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ቢያንስ 8,412 መኖር አለበት። 8,413 ቢገኝ ችግር የለውም፤ ተጽፎ መልእክቱ ሳይደርስ መብራት ሄዷል ማለት ነው። 8,409 ከሆነ ግን «ተመዝግቧል» የተባለ ሽያጭ ጠፍቷል። ሦስተኛ፣ መሃል ላይ የተዘለለ ቁጥር አይኑር። አራተኛ፣ የሽያጩ ድምር፣ የክምችቱ ቅናሽና የዕዳው ድምር እርስ በርሱ ይስማማ።

ደጋግማችሁ ንቀሉት። አንዴ ማለፉ ምንም አይነግራችሁም፤ አደጋው የሚደርሰው በጣም ጠባብ በሆነ ቅጽበት ነው። አንዴ ደግሞ ሲንክሮነስን ኦፍ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ቁጥር ሲጠፋ ማየታችሁ ፈተናው ራሱ እንደሚሠራ ያሳያችኋል።

ፕሮግራሙን በታስክ ማናጀር መግደል ይህን ፈተና አይተካም። ፕሮግራሙ ሲሞት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሕይወት ስላለ ራም ላይ የያዘውን ቆይቶ ይጽፈዋል። ኤፍሲንክ ጨርሶ የሌለው ዳታቤዝ እንኳ ይህን ፈተና ያልፋል።

ደረጃ 8፦ ባክአፕ

ፕሮግራሙ ክፍት እያለ የዳታቤዙን ፋይል ኮፒ ፔስት ማድረግ ባክአፕ አይደለም። በዋል ጊዜ የቅርቡ ዳታ ዋናው ፋይል ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ዋል የሚል ጎን ለጎን ያለ ፋይል ውስጥ ነው። ያን ትታችሁ ዋናውን ብቻ ብትገለብጡ ጎደሎ፣ አንዳንዴም የተበላሸ ፋይል ትይዛላችሁ። በዚሁ ምክንያት ያንን ፋይል «ትርፍ ነው» ብላችሁ እንዳታጠፉት።

ትክክለኛው መንገድ ቫኩም ኢንቱ የሚለው ትዕዛዝ ወይም የላይብረሪው የባክአፕ ተግባር ነው። ሰው እየሠራ እያለም ንጹሕ ቅጂ ያወጣሉ። ፕሮግራሙ ማታ ሲዘጋ በራሱ እንዲያደርገው አድርጉ፤ ሰው ይረሳል። ቅጂው ላይ ወዲያው ኢንተግሪቲ ቼክ ይሂድ። ሁለት ፍላሽ ይፈራረቁ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከሱቁ ውጭ ይደር። የዱቤ ስምና ስልክ የያዘ ፍላሽ መንገድ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ፋይሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ይሁን፤ ኤስኪውኤልሳይፈር ለዚህ የተሠራ ነው።

ከዚያ ቅጂውን ሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ የትናንቱን የመጨረሻ ሽያጭ ፈልጉ። ባለሱቁ አጠገባችሁ ሆኖ ራሱ ይሞክረው። እናንተ በሌላችሁበት ቀን የሚሠራው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ

ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ናቸው፣ ሐረጎን መውረድ ነው። ቢሆንም አንድ ፋይል ለሁለቱ አይሆንም። ኔትወርክ ሲቋረጥ አንደኛው ሱቅ ሥራ ያቆማል። ፋይሉን ማታ ማታ በቴሌግራም መላክም አያዋጣም፤ የአንዱ ቀን ሥራ የሌላውን ይደመስሳል።

እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ፋይል ይኑረው። ሽያጭ ሲመዘገብ በዚያው ትራንዛክሽን «የሚላክ» የሚል ቴብል ውስጥም ይግባ። ኔትወርክ ሲገኝ ፕሮግራሙ ያልተላኩትን ይልካል፣ ሌላኛው መቀበሉን ሲያረጋግጥ «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። መልሱ ሳይመጣ ከተቋረጠ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ተቀባዩ አንድ ሽያጭ ሁለቴ ቢመጣለት አንዴ ብቻ መመዝገብ አለበት። ይህን የሚያስችለው መለያ ቁጥሩ ነው። 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ሁለቱም ሱቅ ውስጥ ስለሚኖር ይጋጫል፤ ዩዩአይዲ የሚባለውን የማይደገም መለያ ተጠቀሙ፣ ወይም የሱቁን መለያ ከፊቱ አስቀድሙ።

ክምችትን ስትልኩ «አሁን 160 ቀርቷል» ብላችሁ አትላኩ። «40 ወጣ» ብላችሁ ላኩ። የመጀመሪያው መልእክት ዘግይቶ ከደረሰ አዲሱን ቁጥር ይሽረዋል። ሁለተኛው በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርስ ድምሩ ያው ነው።